ስለ መስክ ሣርና ስለ ጥበቃው

፩። ሣር ለሰው ያለው ጥቅም

ሣር ሰው ሁሉ በእግሩ የሚረግጠው ተክል ነው። ዛፍ ሲቆረጥ የመጥረቢያው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ሲወድቅም ሁሉ ያየዋል። ሣር ግን ሲጠፋ ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ ብዙ ሰው መስኩ ባዶ አፈር ሆኖ እስኪያገኘው ድረስ የሣሩን መጥፋት ልብ አይልም።

ነገር ግን የሰው ኑሮ በሣር ላይ የቆመ ነው። ላም ወተት የምትሰጠው፥ በሬም ቀንበር የሚጎትተው፥ አህያም ጭነት የሚሸከመው ሣር በልተው ነው። የጎጆ ክዳን፥ ገመድና መጥረጊያ ከሣር ይሠራሉ። እናቶች መሶብና ሰፌድ የሚሰፉት በአክርማና በስንደዶ ነው፤ እነዚህም ሁለቱ የሣር ወገን ናቸው።

ዳግመኛም ጤፍ፥ ገብስ፥ ስንዴ፥ ማሽላና በቆሎ ሁሉ በተፈጥሯቸው የሣር ዘመዶች ናቸው። የጥንት ሰዎች የዱር ሣር ፍሬ ለቀሙ፤ ከለቀሙትም መልካም መልካሙን እየመረጡ ዘሩ፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ ያ ሣር እህል ሆነላቸው። የጤፍ የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ ናት። እንግዲህ ሣርን የሚንቅ ሰው ሳያውቀው እንጀራውን ይንቃል።

፪። የሣር ጠባይ

ብዙ ዓይነት ተክል የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ጫፉ ቢቆረጥ እድገቱ ይዘገያል። የሣር ማደጊያ ግን ከታች፥ ከመሬቱ አጠገብ ነው። ስለዚህ በሬ ቅጠሉን ቢግጠው፥ ማጭድም ቢያጭደው፥ ሣሩ ከታች እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ከተክል ሁሉ ይልቅ ትዕግሥተኛ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

ሆኖም ትዕግሥቱ ወሰን አለው። ቅጠል የሥር ወጥ ቤት ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ አብስሎ ወደ ታች ይልካል። ቅጠሉ ጥቂት ቀን እንኳ ሳያርፍ ዘወትር ከተጋጠ ሥሩ ይራባል፤ የተራበ ሥርም ይደርቃል። ደግሞ ሣሩ ዘር ሳያፈራ በየዓመቱ ከተጋጠ፥ አሮጌው ሲሞት የሚተካው ልጅ አይኖረውም። ስለዚህ መስክን የሚያጠፋው የከብት መብላት ብቻ አይደለም፤ መስኩ የሚያርፍበት ጊዜ ማጣቱ ነው።

ሣር የጠፋበት መሬት ምን እንደሚሆን ዝናብ በዘነበ ቀን ይታያል። በተራቆተ ተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ደፍርሶ ወደ ሸለቆ ይሮጣል። ሣር በለበሰው ተዳፋት ላይ የወረደው ግን በቅጠሉ ይበርዳል፥ በሥሩም መንገድ ወደ መሬት ይሰርጋል። የሰረገውም ውሃ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከብት የሌለው ሰው እንኳ ከምንጭ እስከ ቀዳ ድረስ የሣር ባለ ዕዳ ነው።

፫። ከጭሮ እስከ አዋሽ ያለው መስክ

ጭሮ፥ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ከተማ፥ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ርእሰ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጨርጨር ተራሮች መካከል ተቀምጣለች። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄደው መንገድ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ በቆላው አሰቦትንና ሚኤሶን አልፎ ወደ ጭሮ ሽቅብ ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ተማሪ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት የሣር ኑሮ ሊያይ ይችላል።

በወይና ደጋው፥ በጭሮና በሂርና ዙሪያ፥ መሬቱ ተዳፋት ነው፤ እርሻውም ጠባብ ነው። ገበሬው ማሽላ፥ በቆሎ፥ ቡናና ጫት ይተክላል፤ ለግጦሽ የሚተርፈው መሬት ጥቂት ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ገበሬ አንድ ጥበብ አገኘ። በሬውን በቤቱ ያስረዋል፤ ማሽላውን ሲያሳሳ የነቀለውን ቡቃያ፥ ኋላም ቅጠሉንና አገዳውን እየተሸከመ ያበላዋል። ሣሩ ወደ በሬው ይሄዳል እንጂ በሬው ወደ ሣሩ አይሄድም። ስመ ጥር የሆነው የሐረር ሰንጋ የሚሰባው በዚህ ዓይነት ነው። ተዳፋቱም ከኮቴ ይድናል።

በቆላው፥ በሚኤሶና በአሰቦት ዙሪያ፥ ኑሮው ሌላ ነው። በዚያ ዝናብ ጥቂት ነው፤ ሜዳውም ሰፊ ነው። የኦሮሞ፥ የሶማሌና የአፋር ከብት አርቢዎች ከብታቸውን፥ ግመላቸውንና ፍየላቸውን ይዘው ዝናብ የጣለበትን እየተከተሉ ይዘዋወራሉ። ይህ መዘዋወር አንዳንድ የከተማ ሰው እንደሚመስለው ከንቱ መንከራተት አይደለም። መንጋው ሲሄድ የተጋጠው መስክ ያርፋል፤ ያረፈውም ሲያገግም መንጋው ተመልሶ ይመጣል።

ከቆላው በስተ ምዕራብ፥ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ፥ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የታወጀው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በውስጡም ኢላላ ሳላ የሚባል ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። ሳላ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፥ ጥማትን የሚችል የበረሃ እንስሳ ነው፤ በዚያ ሜዳ ይግጣል። መንገደኛ ከመኪናው ወርዶ ሜዳውን ቢያይ፥ የቆላ ሣር ሳይታረስና ሳይዘራ ምን ያህል ፍጥረት እንደሚመግብ ይረዳል።

ነገር ግን የአዋሽ ሸለቆ መስክ ዛሬ እንደ ቀድሞው ሰፊ አይደለም። ከወንዙ ዳር ያለው መልካም ሣር ብዙው ለሸንኮራ አገዳና ለጥጥ እርሻ ሆነ፤ ሌላውም ለዱር እንስሳት ተከለለ። ድርቅ ሲመጣ እረኛው የሚነዳበት ያጣና ከብቱን ወደ ፓርኩ ያስገባል፤ ጠባቂው ይከለክለዋል። ወይም ወደ ጎረቤቱ መስክ ይነዳል፤ ጎረቤቱም ለራሱ ከብት ስለሚሳሳ ጠብ ይነሣል። እረኛው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ጎረቤቱም ክፉ አይደለም። መስክ ሲጠብ የሰው ልብ አብሮ ይጠባል። ስለዚህ ሣርን መጠበቅ ከብትን ማጥገብ ብቻ አይደለም፤ ሰላምንም መጠበቅ ነው።

፬። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ

የመስክ ጠላት የከብት ብዛት ብቻ አይደለም። በ1972 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ አንድ እንግዳ አረም ታየ። የሳይንስ ሰዎች ፓርቴኒየም ይሉታል፤ የሐረርጌ ገበሬዎች ግን ፈረምሲሳ ብለው ጠሩት። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ከባሕር ማዶ ከመጣ እህል ጋር ተደባልቆ እንደ ገባ የሚገምቱ አሉ።

ፈረምሲሳ ለዓይን ክፉ አይመስልም። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ አበባው ነጭና ደቃቅ ነው። ነገር ግን አንዱ ተክል ብቻ ከ10,000 የሚበልጥ ዘር ሊያፈራ ይችላል። በበቀለ በአንድ ወር ወይም በአንድ ወር ከግማሽ ያብባል። ዘሩ በጎርፍ፥ በመኪና ጎማ፥ በከብት ኮቴና በእህል ከረጢት ይጓዛል፤ በመሬት ውስጥም ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ነገር በአጠገቡ ያሉትን ተክሎች እንዳያድጉ ያደርጋል። ከብት ሌላ አጥቶ ቢበላው ወተቱ ይመርራል፤ ሥጋውም ይበላሻል። ሰውም አዘውትሮ ቢነካው ቆዳው ያሳክከዋል፥ ትንፋሹም ይታወክበታል።

ይህ አረም ጤናማ ሣር በጠነከረበት መስክ በቀላሉ አይገባም። የሚሰለጥነው በመንገድ ዳር፥ በተራቆተና እጅግ በተጋጠ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ በሩን የሚከፍትለት ሰው ራሱ ነው። ሣሩን ያደከመ ሰው የአረሙን ቦታ አዘጋጀ።

ከዚህም ሌላ በአዋሽ ሸለቆ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃም ዛፍ አለ። ይህ ዛፍ ሳይጠራ የመጣ አይደለም። ለጥላ ይሆናል፥ አፈርንም ይይዛል ተብሎ በመልካም አሳብ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። ነገር ግን ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየስፍራው በተነው፤ ዛፉም ሰፊውን የሣር መስክ ዋጠው። እንግዲህ መልካም አሳብ ብቻ አይበቃም፤ ሰው ከመትከሉ በፊት የሚተክለውን ነገር ጠባይ ሊመረምር ይገባዋል።

፭። የመንዝ ሰዎች ሕግ

የመስክ መጥፋት እንዲህ ከሆነ፥ መስክን ለብዙ ዘመን ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ አለን? አለ። ከሐረርጌ ርቆ፥ በሰሜን ሸዋ በመንዝ፥ ጓሳ የሚባል የውርጭ አገር ይገኛል። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ጓሳ ጠንካራ ሣር ስለ ሆነ የመንዝ ሰው ቤቱን ይከድንበታል፤ ገመድና መጥረጊያም ይሠራበታል።

የአገሩ ሰዎች እንደሚናገሩት፥ አስቦና ገራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ይህን መሬት ለልጆቻቸው የጋራ ሀብት አደረጉት። ቄሮ የሚባል ሥርዓትም ቆመ። በዚህ ሥርዓት መስኩ ለ3 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ለ5 ዓመት ይዘጋል። በተዘጋበት ዘመን ማንም ሣር አያጭድም፥ ከብትም አያሰማራም። ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ይጠብቀዋል፤ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ተራ እየገባ ከአለቃው ጋር ይዞራል። ሕግ ያፈረሰም ይቀጣል። ሣሩ በደረሰ ጊዜ አለቃው ቀኑን ያስታውቃል፤ ሁሉም በአንድነት ወጥቶ ያጭዳል። ክረምት ሲገባ መስኩ እንደ ገና ይዘጋል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ይህ የጥንት ሥርዓት ፈረሰ። ጠባቂ የሌለው መስክም መጎዳት ጀመረ። ነገር ግን የመንዝ ገበሬዎች ጥፋቱን በዓይናቸው ስላዩ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ተሰብስበው ተማከሩ፥ አዲስ ደንብ አወጡ፥ ጠባቂም መረጡ። ስለዚህ ጓሳ የሕዝብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ዳነ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ይኖራሉ። ጭላዳ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ተለይቶ ኑሮውን በሣር ላይ ያደረገ እንስሳ ነው፤ ቀይ ቀበሮም ሣሩ ውስጥ የሚኖረውን አይጥ እያደነ ይበላል። መንገደኞችም ይህን ለማየት ይመጣሉ፤ ከዚያ የሚገኘውም ገንዘብ ለአገሩ ሰዎች ይጠቅማል።

ጓሳን ያዳነው አጥር አይደለም፤ ብዙ ወታደርም አይደለም። ሁሉ በአንድነት የተስማሙበት ሕግ ነው። አንድ ሰው ብቻውን መስክ ሊጠብቅ አይችልም፤ አንድ ስግብግብ ሰው ግን የብዙዎችን ድካም ሊያፈርስ ይችላል።

የሣርን ነገር ዘግይቶ ያወቀም አገር አለ። በሰሜን አሜሪካ መካከል እንደ ባሕር የሰፋ የሣር ሜዳ ነበረ። ገበሬዎች መጥተው ከዳር እስከ ዳር አረሱት። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ፥ አፈሩን የሚይዝ ሥር ስላልነበረ ነፋስ አፈሩን አንሥቶ ቀኑን ጨለማ አደረገው። ብዙ ሺህ ቤተ ሰብም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ዛሬ በዚያ አገር ሰዎች የቀረውን የሣር ዘር በእጃቸው ይለቅማሉ፥ እንደ ገናም ይዘራሉ፤ ልጆችንም ወደ ሜዳ እያወጡ የሣሩን ስም ያስተምራሉ። የጠፋውን መመለስ ያለውን ከመጠበቅ ይልቅ እጅግ ይከብዳል።

፮። ተማሪ በመስክ የሚማረው ትምህርት

የመስክን ነገር በመጽሐፍ ብቻ መማር፥ ዋናን በደረቅ መሬት እንደ መማር ነው። ስለዚህ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ወደ መስክ ቢወጣ መልካም ነው። ለዚህም ትምህርት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ዓይን፥ እጅ፥ ገመድና ትዕግሥት ይበቃሉ።

መጀመሪያ፥ ተማሪው ሁለት ስፍራ ያስተያይ። አንዱ ከብት ዘወትር የሚሰማራበት ሜዳ ይሁን። ሁለተኛው ከብት የማይገባበት ስፍራ፥ የታጠረ ግቢ ወይም የተከለለ ተራራ ይሁን። በሁለቱም ስፍራ በአራት ችካልና በገመድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሥራ። በውስጡ ስንት ዓይነት ሣር እንዳለ፥ ምን ያህሉም ባዶ አፈር እንደ ሆነ ቈጥሮ ይጻፍ። የሣሮቹን ስም ሽማግሌዎችንና እረኞችን ይጠይቅ፤ በትምህርት ቤት ያልተጻፈ ብዙ እውቀት በእነርሱ ዘንድ አለና።

ሁለተኛ፥ ተማሪዎች ሁለት ሣጥን ያዘጋጁ። በአንዱ ባዶ አፈር፥ በሁለተኛው ከነሣሩ የተነሣ አፈር ያድርጉ። ሣጥኖቹን ጥቂት አዘንብለው ከላይ እኩል ውሃ ያፍስሱባቸው። ከታች በብርጭቆ የሚቀበሉት ውሃ የትኛው እንደ ደፈረሰ፥ የትኛውም እንደ ጠራ ይመልከቱ። ይህን ያየ ልጅ ጎርፍ ከወዴት እንደሚመጣ ሌላ ሰው እስኪነግረው አይጠብቅም።

ሦስተኛ፥ ሣሩ ደርቆ ዘሩ ሲበስል፥ ተማሪዎች ከአገሩ ሣር ዘር ይልቀሙ። ሁሉን ግን አይልቀሙ፤ የሚበዛውን ለመስኩ ይተዉለት። የለቀሙትን በጥላ አድርቀው ያስቀምጡ። ዝናብ ሲጀምር የተራቆተውን ስፍራ አጥረው ይዝሩት። እስኪጠና ድረስ ከብት አያግቡበት፤ ከጠና በኋላ ደግሞ እያጨዱ ለከብት ይውሰዱ።

አራተኛ፥ ፈረምሲሳን ይንቀሉ። ለዚህ ሥራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጅ በጓንት ይሸፈን፤ አፍና አፍንጫም በጨርቅ ይሸፈን። ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ከዚህ ሥራ ይራቅ፤ ዘሩን ይቍጠር ወይም ይጻፍ። አረሙ ሳያብብ፥ ዝናብ አፈሩን ባለሰለሰበት ቀን፥ ከነሥሩ ይነቀል። ካበበ በኋላ የነቀለው ሰው ዘሩን ራሱ ይበትናል። ሥራው ሲፈጸም ሁሉ እጁንና ልብሱን ይታጠብ። አረሙ በተነቀለበት ባዶ ቦታም የአገሩ ሣር ይዘራ፤ ባዶ የቀረ ቦታ አረሙን መልሶ ይጠራዋልና።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ሠርቶ መተው አይገባም። የመሬት ውስጥ ዘር ብዙ ዓመት ስለሚቆይ፥ የዛሬ ተማሪ የጀመረውን የነገ ተማሪ ይቀጥለው።

፯። ምክር

አባቶች «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብለው ተርተዋል። ይህ ምሳሌ የተነገረው ስለ በሬ ቢሆንም ለሰው ነው። የዛሬውን ጥጋብ ብቻ የሚያይ ሰው፥ ከፊቱ ያለውን የነገን ረሃብ አያይም። በሬ አእምሮ ስለሌለው ይቅር ይባላል፤ ሰው ግን ማየት ሲችል ዓይኑን ከጨፈነ ምክንያት የለውም።

መስክ የማንም ብቻ ሀብት አይደለም። የሁሉ ስለ ሆነ ሁሉ ሊጠብቀው ይገባል። «የጋራ ነው» ብሎ የሚበላ ብዙ ነው፤ «የጋራ ነው» ብሎ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። አስተዋይ ልጅ ከሁለተኛዎቹ ወገን ይሁን። ከብት ሲጠብቅ ያረፈውን መስክ አያስደፍር፤ ችካል አይንቀል፤ ዘር ያልጣለ ሣር አያጭድ። ሰው ባያየውም እንኳ እንዲህ ያድርግ፤ መስኩ ያያልና። የበጎውንም የክፉውንም ሥራ ዋጋ በሚመጣው በጋ ይከፍላል።

ጥያቄ

1። ከእህል ወገን የሣር ዘመድ የሆኑት የትኞቹ ናቸው?
2። ሣር ከተጋጠ በኋላ እንደ ገና የሚያቆጠቁጠው ስለ ምንድር ነው? ትዕግሥቱስ የሚያልቀው መቼ ነው?
3። የጨርጨር ገበሬ በሬውን እንዴት ያሰባል? ይህስ ተዳፋቱን በምን ይጠቅመዋል?
4። መስክ ሲጠብ በሰዎች መካከል ምን ይሆናል?
5። ፈረምሲሳ ሳያብብ መነቀል ያለበት ስለ ምንድር ነው?
6። የመንዝ ሰዎች ጓሳን እንዴት ጠበቁት? ሥርዓቱ ከፈረሰ በኋላስ ምን አደረጉ?
7። ተማሪው በመንደሩ አጠገብ ያሉትን የሦስት ሣሮች ስም ከሽማግሌ ጠይቆ ይጻፍ፤ ጥቅማቸውንም ይግለጥ።